ቀለም ሳይባክን አክሪሊክ ማፍሰስ

በዚህ የአሣሣል ዘዴ ብሩሽ ቦታ የለውም። ሰዓሊው የቀጠነ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ሸራው ላይ ያፈሳል፤ ከዚያ ሸራውን ወዲያ ወዲህ ያዘነብለዋል። ቀለሙም መንገዱን ራሱ ይፈልጋል። የሚወጣው ሥዕል እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ነው። አንዳንዴ ሰዓሊዎቹ «ሴል» በሚሏቸው ክብ ክብ ቅርጾች ይሞላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሜክሲኳዊው ሰዓሊ ዴቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በ1936 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በከፈተው የሙከራ ወርክሾፕ ቀለም በቀለም ላይ ያፈስ ነበር። ያኔ የሚጠቀመው የመኪና ቀለም ነበር። ወጣቱ አሜሪካዊ ሰዓሊ ጃክሰን ፖሎክም እዚያ ሠርቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ነገሩን በፊዚክስ አጠኑት። ምስጢሩ ክብደት ሆኖ ተገኘ። ከባዱ ቀለም ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን አንዱ ልስመጥ፣ ሌላው ልውጣ ይላል፤ ሴሎቹም ከዚህ ግፊያ ይወለዳሉ። ቲታኒየም ያለበት ነጭ ከጥቁር ይከብዳል። ስለዚህ ነጩን ጥቁሩ ላይ ማፍሰስና ጥቁሩን ነጩ ላይ ማፍሰስ አንድ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ሸራና ቀለም ከማበላሸት ይድናል።

ብክነቱ የሚጀምረው ገና ቀለሙ ከልክ በላይ ሲበጠበጥ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሸራ 2,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለማልበስ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ይበቃል። ለጠርዙ ትንሽ ይጨመርበታል።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ ግን ሸራውን አስቀድሞ ማርጠብ ነው። ስስ ነጭ ቀለም በስፓቱላ ይቀባና ሳይደርቅ ሌሎቹ ቀለሞች መሃል ላይ በትንሹ ይፈሳሉ። ደረቅ ሸራ ቀለም ይይዛል። እርጥቡ ላይ ግን ይንሸራተትና ትንሹ ብዙ ቦታ ያዳርሳል። ባዶ የቀረ ጥግ ካለም ከሥር የተንጠባጠበውን በጣት አንስቶ መንካት ነው።

ቅጥነቱን ማንኪያ ይናገራል። ማንኪያው ሲነሳ ቀለሙ እንደ ሞቀ ማር ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ከወፈረ አልንቀሳቀስ ብሎ ሌላ ቀለም ያስጨምራል። ከቀጠነ ደግሞ ሁሉም ተደባልቆ ጭቃ ይመስላል። ለማቅጠኛ ከውሃ ይልቅ ለዚሁ የተሠራው ማደባለቂያ ፈሳሽ ይሻላል፤ ውሃ ሲበዛ ቀለሙን አጣብቆ የሚይዘውን ነገር ያደክመዋል።

ጠረጴዛው በውሃ ልክ ይታይ። ትንሽ ካዘመመ ማታ ያማረው ሥዕል ሌሊቱን ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ያድራል። እንዲህ ያመለጠኝን አንድ ሰማያዊ ሥዕል እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የተረፈው ቀለም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲንክ ውስጥ አይደፋም። ከሸራው ሥር ላስቲክ ከተነጠፈ የተንጠባጠበው ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይላጣል፤ ተቆርጦ የጆሮ ጌጥ ወይም የመጽሐፍ ዕልባት ይሆናል። ቀለሙ የተበጠበጠበት የፕላስቲክ ኩባያም ሳይታጠብ ይደር። በማግሥቱ ውስጡ የደረቀው ከጠርዙ ተይዞ ሲሳብ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፣ ኩባያውም ለሚቀጥለው ሥራ ይደርሳል።