ጨውም አሲድም፦ ስለ ሶዲየም ባይሰልፌት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ዘወትር የምሰማው አባባል «ጨው ከሆነ አሲድም ቤዝም (የአሲድ ተቃራኒ) አይደለም» የሚል ነው። ለምግብ ጨው ይህ እውነት ነው። ከእርሱ በዓይን የማይለየውን ነጩን ሶዲየም ባይሰልፌት በውሃ አሟሙተን ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ስንነክርበት ግን ወረቀቱ ወዲያው ቀይ ይሆናል፤ ይህም የአሲድ ምልክት ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። ሰልፈሪክ አሲድ ሊሰጣቸው የሚችሉ ሁለት ሃይድሮጅኖች አሉት፤ 98 ግራሙ ከ40 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲዋሃድ አንደኛው ብቻ በሶዲየም ይተካና 120 ግራም ሶዲየም ባይሰልፌት እና 18 ግራም ውሃ ይገኛሉ። ሁለተኛው ሃይድሮጅን ጨው ውስጥ ይቀራል፤ ውሃ ሲያገኝም በከፊል ይለቀቃል፤ አሲድነቱም ከዚህ ይመጣል። 12 ግራም ያህሉ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢሟሟ የውሃው ፒኤች (7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ የሆነበት መለኪያ) ወደ 1.5 ገደማ ይወርዳል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል፤ ሃይድሮጅን የቀረበት ጨው ሁሉ አሲድ ይመስለዋል። በየሱቁ የሚሸጠው ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ እንዲሁ አንድ ሃይድሮጅን የቀረበት ጨው ነው፤ ነገር ግን የተሟሟበት ውሃ ፒኤች 8.3 አካባቢ በመሆኑ ወደ ቤዝነት ያደላል። ካርቦኒክ አሲድ ደካማ ስለሆነ ባይካርቦኔት የያዘውን ሃይድሮጅን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላ ሃይድሮጅንም ለመቀበል ዝግጁ ነው። ሁለቱም «አሲዳማ ጨው» መባላቸው ስለ ውቅራቸው ብቻ የሚናገር ስያሜ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህ ስያሜ ያለ ማብራሪያ መሰጠት የለበትም ባይ ነኝ። ልዩነታቸውን ለማየት ሁለቱን ውሃ ውስጥ ማገናኘት ይበቃል፤ አንዱ ሃይድሮጅኑን ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተንቸከቸከ ይወጣል።

«ዱቄት እንደ ፈሳሽ አሲድ አያቃጥልም» የሚለው ግን ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው። የእጅ ላብ ወይም የዓይን እርጥበት አሲዱን ለመቀስቀስ ይበቃዋል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እርጥበት ስለሚስብ በጅማ ረጅም የዝናብ ወራት ዕቃው በደንብ መከደን አለበት። ይህ ጨው በአንዳንድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃዎች ውስጥ ስለሚገኝ እነዚህን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

በመጨረሻም ሶዲየም ባይሰልፌትን ከሶዲየም ባይሰልፋይት ጋር አንድ አድርገው የሚያዩ አሉ። ባይሰልፋይት አንድ ኦክስጅን የሚጎድለው ሲሆን ለምግብ ማቆያነት ያገለግላል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝም የሚያፍነውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይቻልም።