የጋራ ፊልተር ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ ዋና መጋዘን፣ ደሴ፣ ሐይቅና ባቲ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው የዘይትና የስኳር አከፋፋይ እናስብ። ሽያጩ በአንድ ሰንጠረዥ፣ የመጋዘን ቀሪው በሌላ፣ የጭነት ወጪው በሦስተኛ ተመዝግቧል። ግራፎች ተሰብስበው በሚታዩበት ገጽ፣ በዳሽቦርዱ ላይ፣ ከየሰንጠረዡ አንድ አንድ ግራፍ አለ። «ደሴ» ሲጫን ሦስቱም ግራፎች የደሴን ብቻ ካሳዩ ያ የጋራ ፊልተር (ማጣሪያ) ይባላል። የሽያጩ ተቀይሮ ሁለቱ ንቅንቅ ካላሉ ፊልተሩ የተሠራው ከሽያጩ ሰንጠረዥ ዓምድ ነው ማለት ነው። በሦስቱም «ቅርንጫፍ» የሚል ዓምድ መኖሩ ያዘናጋል፤ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ሰንጠረዦች አይዛመዱም።

መፍትሔው አራተኛ፣ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት፣ እዚህ አራት ረድፍ ያለው። ፓወር ቢአይ በተባለው የዳሽቦርድ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ይህ ሰንጠረዥ ከሦስቱ ጋር «አንድ ለብዙ» (እዚህ አንዴ፣ እዚያ ብዙ ጊዜ የተጻፈ) ይያያዛል፣ የማጣሪያው አቅጣጫ ከትንሹ ወደ ትልልቆቹ ብቻ ይሆናል፣ ስላይሰሩም (የሚጫነው የምርጫ ሳጥን) ከትንሹ ይወሰዳል። ሽያጭን በቀጥታ ከቀሪ ጋር ማገናኘት መንገድ ያሳጥራል ብላችሁ አትሞክሩ፤ ደሴ በሁለቱም ስለሚደጋገም ዝምድናው «ብዙ ለብዙ» ይሆንና ድምሩ አይታመንም። በኤክሴል ሰንጠረዦቹ መጀመሪያ ዳታ ሞዴል (ሰንጠረዦች የሚዛመዱበት ክፍል) ውስጥ ገብተው ይዛመዳሉ፣ ከዚያ የስላይሰሩ «ሪፖርት ኮኔክሽንስ» ውስጥ ፒቮቶቹ (የማጠቃለያ ሰንጠረዦቹ) ሁሉ ምልክት ይደረግባቸዋል። ሜታቤዝ በተባለው ሌላ የዳሽቦርድ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ፊልተሩ የሚገጥምበት ዓምድ ለየካርዱ (ለየግራፉ) በእጅ ይመረጣል።

እኛ ጋ የሚበዛው ችግር ግን ከፊደል ይመጣል። አንዱ ጸሐፊ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ሃይቅ» ብሎ ይመዘግባል። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ከተማ። ከትንሹ ሰንጠረዥ ጋር ያልገጠመው ሁሉ ፓወር ቢአይ ላይ «ብላንክ» (ባዶ) በሚል ረድፍ ይከማቻል፤ ይህን ረድፍ በፊልተር መደበቅ ሽያጭ መደበቅ ነው። ከስሙ ኋላ የቀረ ባዶ ቦታ «ትሪም» በሚባለው ቀመር ይወገዳል፣ ሀ እና ሐን ግን ትሪም አይነካቸውም። የሚሻለው በስም ሳይሆን በኮድ ማዛመድ ነው። ኮዱ ከ101 ይጀምር፤ 01 ከተባለ ኤክሴል ዜሮዋን ይውጣታል።

ቀንም እንዲሁ የራሱ የጋራ ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ጥቅምት 30 ቀን 2017 «30/2/2017» ተብሎ ሲገባ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ቀን ሊያነበው ይሞክራል፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ከዚህ የሚብሰው 5/2/2017 ነው፤ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ቀን ሆኖ ይገባል። ስለዚህ የቀን ሰንጠረዡ ለ2017 365 ረድፍ ይኑረው፤ ማዛመጃው የፈረንጁ ቀን (ከሴፕቴምበር 11፣ 2024 ጀምሮ)፣ አጠገቡ የኢትዮጵያ ዓመት፣ የወር ስም፣ ከ1 እስከ 13 የወር ቁጥር። ስሙ በወር ቁጥሩ ካልተደረደረ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል።

ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት በሁሉም ቅርንጫፍ ፊት ያው አንድ ድምር መደጋገሙ ነው፤ ዝምድናው ጨርሶ የለም ማለት ነው። ዝምድናው እያለም የማይፈታ ነገር አለ። አንድ አይሱዙ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴና ሐይቅ አራግፎ ሲመለስ፣ ወጪው በአንድ ረድፍ «ደሴ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሐይቅን ስትመርጡ ጭነቱ በነጻ የደረሰ ይመስላል። ወጪውን በኩንታል ለሁለት ከፍሎ በሁለት ረድፍ ማስገባት የመዝጋቢው ሥራ ነው፤ ፊልተር አንድን ረድፍ ለሁለት አይሰነጥቅም።