የሙዚቃ ሕክምና ምንድን ነው? ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቀው

ጅማ ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ወደ ቆጪ ሰፈር በሚሄድ ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። መውረጃዬ ሲቃረብ «ወራጅ» የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። ሹፌሩ መንገዱን ነው የሚያየው፤ አጠገቤ ያሉትም ስልካቸው ላይ ናቸው። እኔ ግን «ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ? ሳይሰማኝ ቀርቶ ድገም ቢለኝስ?» እያልኩ ሳሰላ ሰፈሬ ያልፋል። ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ዱብ እልና ወደ ኋላ በእግሬ እመለሳለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለሁ ብዙ ከሰዓቶች ያለፉት በዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ይህ እንደ ጨዋነት ነበር የሚታየው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፤ «ዓይን አፋር ነው፣ ጨዋ ልጅ» ይባልልኛል። ዓይን አፋርነት ሕመም አይደለም፤ ይሉኝታም በልኩ ሲሆን ሰውን ከሰው ያኗኑራል። ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባለው «ሰዎች ይታዘቡኛል፣ ይስቁብኛል» የሚለው ፍርሃት ለወራት አልለቅ ብሎ ኑሮን ሲያሰናክል ነው። ፕረዘንቴሽን ባለበት ቀን ከክፍል መቅረት፣ ሰው ፊት መጉረስ አለመቻል፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ከበር መመለስ ከምልክቶቹ ናቸው። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ያልበዋል፣ ሌሊቱን ሲጠና ያደረው ነገር ብን ብሎ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በመዝገቡ ያሰፈረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ሙዚቃ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው የሙዚቃ ሕክምና ሲባል ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ለስለስ ያለ ዘፈን መስማት ይመስለዋል። እኔም ያለ ጆሮ ማዳመጫ ከቤት አልወጣም ነበር። ያረጋጋል፤ እውነት ነው። ግን እውነቱን ካወራን የምሰካው ዜማው ስለጣመኝ ሳይሆን ማንም እንዳያናግረኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ዘፈን እንኳ አልከፈትኩበትም። ሰው ከሚፈራው ነገር በሸሸ ቁጥር ለጊዜው እፎይ ይላል፤ ፍርሃቱ ግን «አየህ፣ ልክ ነበርኩ» ብሎ ይፋፋል።

የሙዚቃ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ከታካሚው ጋር ግብ አስቀምጦ፣ ሙዚቃን መሣሪያ አድርጎ የሚሠራው ሥራ ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ሳኦል ሲጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት እንደነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ይናገራል። ሙያ ሆኖ የቆመው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። አሜሪካ ውስጥ በወታደር ሆስፒታሎች ለቁስለኞች የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ሲታይ ሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ በ1944 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ጀመረ፤ በ1950 ደግሞ የባለሙያዎቹ ማኅበር ተቋቋመ።

አንዱ መንገድ ማዳመጥ ነው። እዚህ ላይ ያለችው ዘዴ ደስ ትላለች። ልቡ እየደለቀ ላለ ሰው በቀጥታ በገና ቢከፈትለት ጭራሽ ይበሳጫል። ባለሙያው መጀመሪያ ከሰውየው ስሜት ጋር የሚመጣጠን ፈጣን ምት ይሰጠውና ቀስ በቀስ ያበርደዋል፤ በእኛ ሙዚቃ ብናስበው ከእስክስታ ተነስቶ ወደ ዝግተኛ ትዝታ እንደ መውረድ ነው። ትንፋሽም አብሮ ይረጋጋል። መዝፈን ሲጨመርበት ደግሞ ስንኙ እስኪያልቅ አየሩን በቀስታ ማውጣት ግድ ነው፤ ረጅም የትንፋሽ አወጣጥ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል።

ለእኛ ዓይነቱ ፍርሃት ዋናው ግን አብሮ መጫወት ነው። ባለሙያው ከበሮ ያቀብልሃል፣ እሱም አንድ ይይዛል። ሁለቴ ይመታል፤ ሁለቴ ትመልሳለህ። ምቱን ይቀይራል፤ ትከተለዋለህ ወይም ራስህ ትቀይራለህ። ቃል የለም፣ የተሳሳተ መልስ የለም፤ ከሰው ጋር ግን እየተነጋገርክ ነው። ቀጥሎ ቡድን ይመጣል። ዘፈን ላይ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፤ መንዙማ ላይም እንዲሁ ነው፤ ጅማ ላደገ ሰው ይህ አይነገረውም። ተቀባይ ድምፁ ከሃያ ድምፅ መሃል ስለሆነ ማንም ለይቶ አይሰማውም፤ ሆኖም አፉን ከፍቷል። ከዚያ ከሁለት ሰው ጋር ይቀበላል፣ ከዚያ ግማሽ ስንኝ ያወጣል። የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ በደረጃ መጋፈጥ ማለት ይኸው ነው።

ሙዚቃ ብቻውን ያድናል የሚል ካለ አትመኑት። ለማኅበራዊ ጭንቀት ቀዳሚው ሕክምና አስተሳሰብንና ልማድን የሚለውጠው የንግግር ሕክምና ነው፤ ካስፈለገ መድኃኒት ይታከላል፤ ሙዚቃ ከጎን ነው የሚገባው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መናገሩ ራሱ ችግር ለሆነበት ሰው ምልክቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ማቀበልም ያስኬዳል። የከተማችን አቋራጭ ጫት መሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ምርቃና ምላስ ይፈታል፤ ግን ልብን ያስሮጣል፣ ሰውየውም ያለ ቅጠሉ መናገር እንደማይችል ይማራል። ከፕረዘንቴሽን በፊት ከአቦል እስከ በረካ መጨረስም ለሚንቀጠቀጥ እጅ አይጠቅምም።

እኔን ሐኪም አላከመኝም፤ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ዋዜማ ግን ደረጃዋን በዓይኔ አሳይቶኛል። ከበሮው ተቀዶ ቢጫ ጀሪካን ይመታ ነበር፤ የሚመታ ሰው ማንንም ማየት ስለሌለበት እኔ ያዝኩት። እያቀረቀርኩ ስመታ ሳላውቀው መቀበል ጀምሬያለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ የአውጪው ድምፅ ተዘጋና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። አንድ ስንኝ አወጣሁ። መሃል ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ተቀባዮቹ እንደ ሌላው ስንኝ ሁሉ ተቀበሉት፤ እኔም ጀሪካኑን መምታት ቀጠልኩ።