«ፉል ሁክአፕ» ምንድን ነው? ልጆች ይዞ በአርቪ ወደ መዝናኛ ፓርክ ለሚሄድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከፒያሳም ከካዛንቺስም ተነስቶ አሜሪካ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ቤተሰብ አለ። እዚያ ያለው አጎት ልጆቹን ዲዝኒ ላሳያቸው ብሎ አርቪ ለመከራየት ሲያስብ በስልክ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ፉል ሁክአፕ ልያዝ ወይስ ውሃና መብራት ብቻ ይበቃናል?» ከዚህ ያለው ወገን «አንተ እንዳልክ» ብሎ ያልፈዋል። ማለፍ የለበትም። ሰባት ሰው አንድ መኪና ውስጥ አምስት ሌሊት ሲያድር ጉዞው ማማሩን ወይም መምረሩን ከመኪናው ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ይወስነዋል።

አርቪ የሚባለው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው መኪና ወይም ተሳቢ ነው። ሁክአፕ ደግሞ ያንን ቤት ካምፕ ቦታው ላይ ከተዘረጋ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። መስመሮቹ ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ። ሦስቱም ካሉ ፉል ሁክአፕ ይባላል። ውሃና መብራት ብቻ ካለ ከፊል ነው። ምንም ከሌለ «ድራይ ካምፒንግ» ይሉታል፤ ቤቱ በራሱ ታንከር፣ ባትሪና ጋዝ ብቻ ያድራል ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት የመጀመሪያ ጉዞ ይህን ሦስተኛውን ከወዲሁ ይተዉት።

ስለ መኪናው ዓይነት ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ክላስ ኤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚያህለው ነው። ክላስ ቢ ሃይሩፍ ሚኒባስ ውስጥ አልጋና ምድጃ እንደ መግጠም ነው፤ ለባልና ሚስት ይሆናል። ክላስ ሲ ደግሞ የእኛን ቅጥቅጥ አይሱዙ ይመስላል፦ ፊቱ የፋብሪካ ጋቢና፣ ከኋላው ሻንሲው ላይ የተሠራ ቤት፣ ከጋቢናው በላይ አልጋ። ቤተሰብ በብዛት የሚከራየው ይህንን ነው፤ ርዝመቱ ከ7 እስከ 9 ሜትር ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። «ስምንት ሰው ያስተኛል» የሚለው ማስታወቂያ ስምንት ሰው በቀበቶ ታስሮ ይጓዛል ማለት አይደለም። የመቀመጫ ቀበቶውን ቁጥር ለብቻው ያስጠይቁ። የሕፃን መቀመጫ ፊቱ ወደ ጎን በሆነ ሶፋ ላይ አይታሰርም፤ መኪናው በሚሄድበት ጊዜም አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ መኖር የለበትም።

አሁን ወደ ውሃው። አርቪ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ የንጹሕ ውሃ ነው፤ ትንሽ ሮቶ ብለው ያስቡት። ሁለተኛው የሻወርና የዕቃ ማጠቢያ እጣቢ የሚገባበት ሲሆን «ግሬይ» ይባላል። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው፤ «ብላክ» ይሉታል። በክላስ ሲ ላይ የንጹሑ ውሃ ታንከር ብዙ ጊዜ ከ115 እስከ 170 ሊትር ይይዛል፤ በጀሪካን ከስድስት እስከ ስምንት መሆኑ ነው። የእጣቢው ታንከር 115 ሊትር አካባቢ ነው እንበል። የአርቪ ሻወር በደቂቃ 6 ሊትር ቢያፈስ፣ አራት ሰው እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ሲታጠብ 120 ሊትር ሄደ። ታንከሩ በመጀመሪያው ምሽት ሞላ ማለት ነው። ሲሞላ ደግሞ እጣቢው በሻወሩ ወለል ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል።

ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው የሽንት ቤቱን ታንከር ነው፤ ቀድሞ የሚሞላው ግን የእጣቢው ነው። ከፊል ሁክአፕ ላይ ያለ ቤተሰብ የሚቸገረውም በዚሁ ነው፦ ውሃ ከመስመር ያለ ገደብ ይገባል፣ የሚወጣበት ግን የለም። መፍትሔው በካምፑ የጋራ መታጠቢያ ቤት መጠቀም ነው፤ ካልሆነም ታንከሩ በሞላ ቁጥር ሁሉን ነቅሎ ወደ ፍሳሽ መድፊያው መንዳት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ በዚህ በኩል አሜሪካዊ ጀማሪን ይበልጣል፤ ሳሙና ሲመታ ቧንቧ መዝጋትን ማንም አያስተምረውም። ልምምድ የፈለገ ቤተሰብ ከመሄዱ በፊት አንድ ቅዳሜ ቧንቧውን ዘግቶ ከሌሊት እስከ ሌሊት በስድስት ጀሪካን ብቻ ይዋል፤ ማን ስንት ሊትር እንደሚያባክን ያን ዕለት ይታወቃል።

ፉል ሁክአፕ ያለበት ቦታ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ደግሞ ከምቾቱ የሚመጣ ነው። የፍሳሹ ቱቦ ከመሬቱ ጉድጓድ ጋር ተገናኝቷልና «ክፍት ይሁን፣ ይፍሰስ» ተብሎ የሽንት ቤቱ ታንከር ቫልቭ ይከፈታል። ፈሳሹ ወዲያው ይሄዳል፤ ደረቁና ወረቀቱ ታንከሩ ውስጥ ይቀርና ይከመራል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የሚያስወጣው ባለሙያ እንጂ ውሃ አይደለም። የብላክ ቫልቭ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚከፈተው ታንከሩ ቢያንስ ከግማሽ በላይ ሲሞላ ነው፣ ምክንያቱም ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያወጣው የፈሳሹ ክብደት ነው። የሚደፋበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ጓንት ይደረጋል። ቱቦው መኪናው ላይ ተጠምዝዞ እስኪቆልፍ ይገጠማል፣ ሌላው ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠበቃል። መጀመሪያ ብላክ ይከፈታል። ድምፁ ሲያቆም ይዘጋል። ቀጥሎ ግሬይ ይከፈታል፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። ተገልብጦ ከተሠራ ቱቦው ቆሽሾ ይቀራል። ሁሉም ሲያልቅ ጥቂት ሊትር ውሃና የታንከር መድኃኒት በሽንት ቤቱ ይጨመራል፤ ባዶ ታንከር ይሸታል።

ሶፍቱም ተራ ሶፍት አይሆንም። ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ ለአርቪ የተሠራ አለ። እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት፣ ሞዴስና ዳይፐር ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨርሶ አይጣልም። የታንከሩን ሙላት የሚያሳየው ሰሌዳ ደግሞ ይዋሻል፤ ታንከሩ ተደፍቶም ወረቀት የተለጠፈበት ዳሳሽ «ሞልቷል» ማለቱን ይቀጥላል።

የንጹሕ ውሃው ጎማ ለብቻው ነው፤ የፍሳሽ ቱቦ ከሚታጠብበት ጎማ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ እንኳ አይቀመጥ። መኪናው ላይ ሁለት የውሃ መግቢያ ስላለ ሰው ይሳሳታል፦ አንዱ ታንከሩን ይሞላል፣ ሌላው በቀጥታ ለቧንቧዎቹ ይሰጣል። በመስመር ውሃ ሲጠቀሙ ሁለተኛው ላይ ይገጠማል፣ ፓምፑም ይጠፋል። ከጎማው በፊት የግፊት መቀነሻ ይግባ፤ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። የካምፑ ግፊት ከዚያ በላይ ከሆነ የቤቱ ፕላስቲክ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ይፈታል፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ሁሉም ፓርክ በዋለበት ሰዓት ነው። ከቤት ሲወጡ የውሃውን መስመር መዝጋት ይልመዱ። የውሃ ማሞቂያውም ውሃ ሳይገባው አይለኮስም፤ ባዶውን ከበራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ይቃጠላል። ብዙዎቹ 23 ሊትር ገደማ ስለሚይዙ ሁለተኛው ሰው ከመታጠቡ በፊት ትንሽ ይጠብቅ።

መብራቱ ሒሳብ ይፈልጋል። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት ነው። የክላስ ሲ ኪራይ መኪኖች ብዙዎቹ 30 አምፔር ናቸው፤ ቢበዛ 3,600 ዋት መሆኑ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው አንዱ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል። ማይክሮዌቭ ሲጨመር ያው ያህል፣ የሻይ ማፍያም ያው ያህል። ሦስቱ አብረው ሲሠሩ 3,600ው ታልፏል፤ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ልጋግር ያለ ሰው ማቀዝቀዣውን ይተወው ወይም ማይክሮዌቩን አይንካ። ከመርካቶ የተገዛውን የ220 ቮልት ምጣድ ወይም ካውያ በሻንጣ መውሰድ ድካም ነው፤ በ120 ቮልት ሲሠራ ኃይሉ ሲሶ እንኳ አይሞላም፣ ሊጡም ምጣዱ ላይ ይቦካል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ሶኬቱ ብቻ ይለያል። ሲያገናኙ መጀመሪያ ካምፑ ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ ብሬከር ይጠፋል፣ ገመዱ ይሰካል፣ ከዚያ ይበራል። መሃል ላይ የመብራት መዛባት መከላከያ ማስገባት ከጭንቀት ያድናል።

ከአዲስ አበባ የክረምት ብርድ የሚሄድ ቤተሰብ ዲዝኒ ወርልድ ያለባትን የፍሎሪዳዋን ኦርላንዶን አይገምታትም። በጁላይ ቀኑ 33 ዲግሪ ይደርሳል፣ ወበቅ አለው፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ የዘወትር ነው። የአርቪ ማቀዝቀዣ ከውጭው አየር 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ ማታ ሲመለሱ ቢያበሩት ግድግዳውና ፍራሹ ሙቀቱን ስለያዙ እስከ እኩለ ሌሊት አይበርድም። ጠዋት መጋረጃ ዘግቶ አብርቶ መውጣት ነው። ከመኪናው ጎን ለጥላ የሚዘረጋው የውጭው ዳስ ግን ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ያ የከሰዓት ነፋስ ከነብረቱ ይገነጥለዋል፣ ክፍያውም ከተከራዩ ነው።

ቦታ ስለመያዝ። ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ውስጥ ያለው ፎርት ዊልደርነስ በ1971 የተከፈተ ካምፕ ነው። በአንድ ቦታ እስከ 10 ሰው ያስተናግዳል፣ እያንዳንዱ ቦታ የከሰል መጥበሻና ጠረጴዛ አለው፣ ከዲዝኒ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም በጀልባ ይኬዳል። ቦታዎቹ ግን በደረጃ ይለያያሉ፤ ለድንኳንና ለታጣፊ ተሳቢ የሚከራዩት ርካሾቹ ውሃና መብራት እንጂ ፍሳሽ የላቸውም፣ ለትልቅ አርቪም አይሆኑም። ስለዚህ ሲያስይዙ የመኪናውን ርዝመት መናገር ግድ ነው። ከዲዝኒ ግቢ ውጭ ባለ ካምፕ ማረፍ ዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አርቪ አንዴ ከተገናኘ በኋላ ቤት እንጂ መኪና አይደለም። በየቀኑ ነቅሎ ወደ ፓርክ መንዳት፣ ለትልቅ መኪና የሚጠየቀውን ተጨማሪ የማቆሚያ ዋጋ መክፈል፣ ማታ እንደገና መግጠም የጉዞውን ዕረፍት ይበላዋል። ወይ ወደ ፓርኩ የሚወስድ የራሱ መጓጓዣ ያለው ካምፕ ይምረጡ፣ ወይ ትንሽ መኪና አብሮ ይከተል።

ርቀቱንም ቀድሞ ማስላት ነው። ዘመዱ ዋሺንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ እስከ ኦርላንዶ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ መልስ ያህል። ክላስ ሲ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ ለአንድ ጉዞ 350 ሊትር ቤንዚን ይቆረጥ። በአንድ ቀን መንዳት አይገባም። በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ይምረጥ፦ ወደ ኦርላንዶ በረው እዚያው ይከራዩ፤ አርቪውን ቦታው ድረስ አምጥተው ገጥመው የሚያስረክቡ አከራዮችም አሉ። ወይም በፔንሲልቬንያ ያለውን ኸርሺፓርክ ይሞክሩ፤ ከዋሺንግተን አካባቢ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የራሱ ካምፕም አለው። በባልቲሞር ሲያልፉ ግን ከባሕር ሥር ያሉት መተላለፊያዎች ጋዝ የጫነ አርቪን ስለሚከለክሉ ስልኩ የሚያሳየውን መንገድ ዝም ብለው አይከተሉ።

ስለ ምግብ ጥቂት። ጉዞው ፍልሰታ ላይ ከወደቀ (ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21) ሽሮና ምስር ከቤት ይያዝ፤ በፓርክ ውስጥ የጾም መፈለግ ሰዓት ይፈጃል። እንጀራ በማቀዝቀዣው አየር ቶሎ ስለሚደርቅ በፕላስቲክ ታሽጎ ይቀመጥ። ሽንኩርት ማቁላላትና ቡና መቁላት ውስጥ ከተሞከረ የጭስ ማስጠንቀቂያው ካምፑን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ማስጠንቀቂያውን መንቀል ግን አይታሰብ፤ ከሰልና ዕጣንም ውስጥ አይገቡም። አርቪ ጠባብ ነው፣ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ጀበናው ውጭ ጠረጴዛው አጠገብ ይጣድ።

ሲደርሱና ሲነሱ አንድ ሰው ረዳት ይሁን። ከኋላ በግራ በኩል፣ ሾፌሩ በመስታወት በሚያየው ቦታ ቆሞ «ና፣ ና፣ በቃ!» የሚል፤ የውሃው፣ የመብራቱና የፍሳሹ መግጠሚያ ብዙ ጊዜ በዚያው በሾፌሩ በኩል ስለሆነ ምሰሶውን እንዳይገጭም እሱ ያያል። መኪናው ከቆመ በኋላ ወለሉ ላይ ውሃ ልክ ይቀመጥ፣ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ ይግባ፣ ታኮ ይደረግ። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ፍሪጅ ያዘነበለ ቦታ ላይ አይቀዘቅዝም፤ ቆይቶም ይበላሻል። በመነሻው ቀን ሥራው ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ፍሳሹ ይደፋል፣ ውሃው ይነቀላል፣ ብሬከሩ ጠፍቶ ገመዱ ይጠቀለላል፣ መኪናው ሲቆም ወደ ጎን የሚወጣው ተንሸራታች ክፍል ካለ ይገባል፣ መሳቢያዎች ይቆለፋሉ፣ የጋዙ ቫልቭ ይዘጋል፣ አንቴናው ይወርዳል፣ ደረጃው ይታጠፋል። ረዳቱ መኪናውን አንድ ጊዜ ከዞረው በኋላ ታኮው ይነሳል።