አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው? ታራንቱላን በ«ሰማንያ በመቶ» ስለሚጨርሱ ሰዎች

«ታራንቱላ 80 በመቶ እርጥበት ትፈልጋለች።» ስለ እነዚህ በሣጥን ስለሚያዙ ትላልቅ ጠጉራም ሸረሪቶች ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ሸረሪቱ የሞተችበትን ልጅ «የእርጥበት መለኪያህ 55 እያሳየ ዝም ብለህ ተቀመጥህ፤ ጠዋትና ማታ መርጨት ነበረብህ» ብሎ ሲወቅሰው አየሁና መታገሥ አቃተኝ። ልጁ ያሳየን የሣጥኑ ምስል የሚናገረው ግን ሌላ ነው። መስታወቱ በላብ ተሸፍኗል፤ ጉዝጓዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ተዘርግቷል፤ የክዳኑ ቀዳዳዎች በፕላስተር ተለጥፈዋል። እርጥበቱ እንዳያመልጥ መሆኑ ነው። ልጁ ያጠፋው ጥፋት ቢኖር ምክሩን ከልክ በላይ መስማቱ ነው።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በእህል ክምችት ሥራ ላይ ሲሆን ሦስቱን ታራንቱላዎቼን የያዝሁት ከጡረታ በኋላ ነው። ጎተራም ይሁን የሸረሪት ሣጥን፣ የእርጥበት ነገር በተነሣ ቁጥር ሰዎች የሚሳሳቱት አንዲት ቃል ላይ ነው፤ «አንጻራዊ» የምትለዋን ይዘሏታል።

በመቶኛ የሚነገረው ቁጥር በአየሩ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ አይነግረንም። አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዘው ከሚችለው ተን ውስጥ ስንት እጁን እንደያዘ ብቻ ነው የሚናገረው። 10 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 9.4 ግራም ተን ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ላይ 17.3፤ 25 ዲግሪ ላይ 23 ግራም። (አየር ተን «ይይዛል» የሚለው አነጋገር የፊዚክስ ሰዎችን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ፤ ጉዳዩ የአየሩ ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው። ለዛሬ ይለፉኝ።) እንግዲህ በሐምሌ ጠዋት በራችንን ስከፍት ጭጋጉ ሜዳውን ሸፍኖታል እንበል፤ ውጪው 10 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 100 በመቶ ነው። ያንኑ አየር ወደ ሳሎን አስገብቼ 20 ዲግሪ ባሞቀው መለኪያው 54 ገደማ ይላል። 25 ባደርሰው 41 ገደማ። አንዲት ጠብታ ከአየሩ አልወጣችም፤ ያው ውሃ ነው። ታዲያ ወንድሜ፣ 80 በመቶ ስትል በስንት ዲግሪ ነው?

ይህን የማይጠይቅ ሰው አዙሪት ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ስለበረደ ያሞቃል፤ ሲያሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሲወርድ ይረጫል፤ ሲረጭ ሣጥኑ ይበርዳል፤ እንደገና ያሞቃል።

ቁጥሩስ ከየት መጣ? የአንድ አገር የአየር ሁኔታ ጣቢያ እርጥበትን የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ በተከለለ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። ሸረሪቷ እዚያ አትኖርም። ብዙዎቹ መሬት ለመሬት የሚኖሩ ታራንቱላዎች ቀኑን የሚያሳልፉት ጉድጓድ ውስጥ ወይም ድንጋይ ሥር ነው፤ በእኛም ቆላማ አካባቢዎች የዚሁ ወገን ጉድጓድ ቆፋሪዎች አሉ። ከላይ ፀሐይ አፈሩን እየጋገረው፣ ከአንድ ክንድ በታች አፈሩ ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ሊሆን ይችላል። የከተማን አማካይ ቁጥር ወስዶ ሣጥን ውስጥ ለመድገም መሞከር፣ የአዲስ አበባን አማካይ ሙቀት አይቶ የምጣዱን ሙቀት እንደመገመት ነው።

ምጣድ ካነሣሁ አይቀር ወደ መሶቡ ልሂድ። እንጀራ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው የመሶቡ አየር እርጥብ ስለሆነ አይደለም፤ ውሃው ያለው እንጀራው ውስጥ ነው። የመሶቡ ሥራ ያ ውሃ ቶሎ እንዳያልቅ መያዝ፣ ትርፉን ደግሞ በስፌቱ መካከል ቀስ እያለ ማስወጣት ነው። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው መለኪያ ቢያስገባበት 100 በመቶ ያነብ ነበር፤ ለአስተያየት ሰጪያችን ገነት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሻጋታውን ያገኘዋል። ሰፌድ ላይ ተገልጦ የቀረ ደግሞ ድርቆሽ ይሆናል። በሸረሪት ሣጥን እንጀራው ጉዝጓዙ ነው፤ መሶቡ ሣጥኑ። ጠዋትና ማታ መርጨት ማለት ድርቆሽ ላይ ውሃ አርከፍክፎ ክዳኑን መግጠም ነው፤ ላዩ ይላቁጣል፣ ውስጡ ግን እንደደረቀ ይቀራል። እናቶቻችን ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ የማይከቱት በከንቱ አይደለም። እኔም ውሃ ያጠገብሁትን ጉዝጓዝ ሸረሪቷን ከማስገባቴ በፊት አንድ ቀን ገልጬ አሳድረዋለሁ።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ። እንጀራ እርሾ ገብቶበታል፤ ኮምጣጣነቱ ሻጋታውን ትንሽ ያዘገየዋል። ለጉዝጓዝ የምንጠቀምበት የኮኮናት ቃጫ እርሾ የለውም፤ የሚያድነው የሚዘዋወር አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት ጎንም ትይዩ ሆኖ ይበሳ። ሌላው ልዩነት፣ እንጀራ ውሃ አይጠጣም፤ ታራንቱላ ትጠጣለች።

ይህን የማያውቁ አሉና እደግመዋለሁ፤ ትጠጣለች። ቅርፊቷ በስስ የሰም ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ውሃዋ በቆዳዋ በኩል እንደ ልብ አይወጣም። ከሆዷ ሥር ያሉት አራት ሳንባዎቿ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ናቸው፤ በእነርሱ በኩል ጥቂት ትከስራለች። የምትተካው ከሳህኗና ከምትበላው ፌንጣ ነው። እጀታ የሌለው የቡና ሲኒ እስከ አፉ ጉዝጓዙ ውስጥ ተቀብሮ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ከያዘ፣ ለደረሰች ሸረሪት አብዛኛው ሥራ አለቀ ማለት ነው። እንዳትሰጥም ብሎ ስፖንጅ መክተት የቆሻሻ ማራቢያ መሥራት ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃ ፈጥኖ ይተናል፤ በበጋ ሲኒውን ቶሎ ቶሎ ይመልከቱት።

እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ሲሆን የምትዘረጋው ግን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ለዚህ ነው ውሃ ያጣች ሸረሪት እግሮቿ ከሥሯ የሚሰበሰቡት። ከዚያ በፊት ሆዷ ይሟሽሻል፣ ከሲኒው ላይም አትነሣም። በጀርባዋ ተንጋልላ ካገኟት ግን አይንኳት፣ አይርጩባትም፤ ቅርፊቷን እየለወጠች ነው። ጉዝጓዙን ሸሽታ ቀንና ሌሊት መስታወቱ ላይ ከተሰቀለች ብዙውን ጊዜ ወለሉ ከመጠን በላይ ረጥቦባታል። የልጁም ሸረሪት፣ እርሱ እንደነገረን፣ የመጨረሻውን ሳምንት ያሳለፈችው ክዳኑ ላይ ነበር።

ወደ ጉዝጓዙ ልመለስ። የኮኮናት ቃጫ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ሲደርቅ ይበናል፣ ጉድጓድም አይይዝም። ከቀይ አፈር ጋር ሲደባለቅ ይጸናል። የሱሉልታን ሜዳ ዋልካ ሞክሬዋለሁ፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ስንጥቅጥቅ፤ ለጤፍ እንጂ ለሸረሪት አልሆነም። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ከገባበት ማሳ አፈር አይወሰድ፤ ለተባይ የተሠራ መድኃኒት ሸረሪትን አይምርም። ከባሕር ዛፍ ሥር የተጠረገ ቅጠልና ከአናጺ ቤት የመጣ የጥድ ሰጋቱራ ዘይታቸው ስለሚያሰጋኝ አላስገባቸውም። (የጥድ አጥር ምስጥ የማይደፍረው በምን ይመስልዎታል?) ለመሬት ኗሪዋ 10 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ቢያንስ ያስፈልጋል፤ ለቆፋሪዋ ከዚያ በላይ። ከጉዝጓዙ እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታ ግን ከእግሮቿ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ ይሻላል፤ ከባዷ ሸረሪት ወድቃ ሆዷ ከፈነዳ የእርጥበቱ ክርክር ምን ይረባል?

ውሃውን ከላይ ሳይሆን በአንድ ጥግ ቀስ ብለው ያፍስሱት፤ ወደ ታች ይስረግ፣ ላዩ ይድረቅ። እፍኝ ሲጨበጥ ተጣብቆ የሚቀር፣ ግን ጠብ የማይል ይሁን።

ስለ ዝርያ ባጭሩ። የቺሊዋ ግራሞስቶላ ፖርተሪ ደረቅ ጉዝጓዝና ሲኒ ይበቃታል። የሜክሲኮዋ ቀይ ጉልበት ብራኪፔልማ ሃሞሪ አንድ ጥግ ብቻ ረጠብ ቢልላት ደስ ይላታል፤ ወገኗ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተመዘገበ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አታቋርጥም። የደቡብ አሜሪካ ደን ኗሪዋ ቴራፎሳ ብሎንዲ ግን በእውነት እርጥብ ወለል ትሻለች፤ ለእርሷም ቢሆን እርጥቡ ወለሉ እንጂ የታፈነ አየር አይደለም። ሽፋናቸው ገና ስስ የሆነ ጫጩቶች ፈጥነው ስለሚደርቁ ሲኒ ብቻ አይበቃቸውም።

የመስታወቱ ላብ ደግሞ የተለየ ንዴት አለው። «መስታወቱ ካላበ እርጥበቱ ደኅና ነው» ይላሉ። ጎተራ ውስጥ ይህንን ያለ ሠራተኛ ቢኖር ቁልፉን እቀበለው ነበር። ቀን የሞቀው እህል ተኑን ይለቃል፤ ሌሊት የቀዘቀዘው የቆርቆሮ ጣሪያ ተኑን ወደ ጠብታ ይለውጠዋል፤ ጠብታው ተመልሶ የላይኛውን ከረጢት ያሻግታል። በኅዳር ውርጭ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሣጥንም እንደዚያው ነው። ላቡ የሚናገረው መስታወቱ መቀዝቀዙን ነው። ሣጥኑን ከመስኮት ማራቅ ከመርጨት ይቀድማል። ማሞቂያ ምንጣፍ ካስፈለገ በጎን እንጂ ከሥር አይነጠፍ፤ ሙቀት ሲበዛባት ለማምለጥ የምትቆፍረው ወደ ታች ነውና።

መለኪያ የግድ አለብኝ ለሚል፣ መጀመሪያ ይፈትነው። የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ አርጥቦ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ዕቃ አንድ ሌሊት ያሳድረው፤ 75 ማሳየት አለበት። የእኔ የመጀመሪያው መለኪያ 62 አለኝ። እርሱን ያመነ ሰው ስንት ሊትር ውሃ እንደሚረጭ አስቡት። የተሻለው መለኪያ ዛሬ ያለው ዕቃ ቤት፣ ከበርበሬው ከረጢት አጠገብ ነው፤ እዚያ ይጠቅመኛል። ሣጥኖቹን የምፈትነው የድፎ ዳቦ መብሰል እንደሚፈተነው ነው፤ ቀጭን እንጨት በጥጉ እስከ ታች እሰዳለሁ፣ አፈር ይዞ ከወጣ ውሃውን ለሌላ ሳምንት እተወዋለሁ።