የሰንጋ ተራ ሰርቨሮች የሚበሉት መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በርካታ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ሰንጋ ተራ ላይ ገንብተዋል። ሕንፃው ማታ ሲዘጋ የሰርቨር ክፍሉ አይዘጋም። እኔም ሥራዬ በዚያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ኤፍፒጂኤ ብዙ የተሳሳተ ነገር ሲነገር እሰማለሁ። ኤፍፒጂኤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም ውስጣዊ ትስስሩ በፕሮግራም እንደገና ሊዋቀር የሚችል ቺፕ ነው፤ በካርድ መልክ ሰርቨር ላይ ይገጠምና ከፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ዋና ቺፕ፣ የተወሰነውን ሥራ ይረከባል።

«ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ደካማ ነው።»
ፕሮሰሰር በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ሲመታ፣ ኤፍፒጂኤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሚሊዮን አያልፍም። ይህ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ፕሮሰሰር ሁለት ቁጥር ለመደመር እንኳ ትእዛዙን ከማኅደረ ትውስታ ያመጣል፣ ይፈታል፣ ከዚያ ይፈጽማል። ኤሌክትሪኩን የሚጨርሰው ከመደመሩ ይልቅ ይህ ምልልስ ነው። በኤፍፒጂኤ ላይ ግን ትእዛዙ ራሱ ሰርኪዩት ይሆናል፤ ዳታው በአንድ በኩል ገብቶ በየደረጃው እየተሠራ በሌላው ይወጣል። በየግንባታው ቦታ ሠራተኞች ተደርድረው ብሎኬት ሲቀባበሉ አይታችሁ ይሆናል። የሚሮጥ የለም፤ ግን ብሎኬቱ ሳይቋረጥ ይደርሳል።

«ተጨማሪ ካርድ ተጨማሪ ፍጆታ ነው።»
መለካት ያለበት አንድ ሥራ እስኪያልቅ የሚወስደው ኃይል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት እነዚህን ካርዶች በ1,632 ሰርቨሮች ላይ ገጥሞ የቢንግ ፍለጋ ውጤቶችን ደረጃ እንዲያወጡ አደረገ። የእያንዳንዱ ሰርቨር የሥራ መጠን በ95 በመቶ ሲያድግ፣ የኃይል ጭማሪው ከ10 በመቶ አልበለጠም።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ ሙቀት አያሰጋም።»
የሌሊቱ ብርድ ይረዳል። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ይዞት የሚወጣው ሙቀት እዚህ ያንሳል። የሚሻለው ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ነው።

«የህዳሴው ግድብ እያለ ቁጠባ ለምን?»
ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኩራታችንም ነው። ሕንፃው የሚያገኘው ግን ትራንስፎርመሩ የቻለውን ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪና ናፍጣ ይተካሉ።

«ካርዱ ከተገዛ ሁሉም ሥራ ይቀላል።»
በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የኤፍፒጂኤ ንድፍ ሰርኪዩትን በጽሑፍ ለመግለጽ በተሠሩ ቋንቋዎች፣ በቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል፣ ይጻፋል፤ አንዱን ንድፍ ለቺፑ ማዘጋጀት ብቻ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሳያቋርጥ ለሚደጋገም ሥራ፣ ለምስጠራ፣ ለዳታ መጭመቅና ለኔትወርክ ፍተሻ፣ ድካሙን ይክሳል። በየጊዜው መንገዱ የሚለዋወጥ የሒሳብ ሥራ ግን ፕሮሰሰሩ ላይ ቢቆይ ይሻላል። ደግሞም ሥራ ፈትቶ የበራ ሰርቨር፣ በተለይ አሮጌው፣ ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን ከሚፈጀው ግማሽ ያህሉን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለካርድ በጀት ከመጠየቄ በፊት የትኞቹ ሰርቨሮች በከንቱ በርተው እንደሚያድሩ እቆጥራለሁ።