«ኮፒ አድርገውና ቀይረው» እና ሌሎች ዋጋ የሚያስከፍሉ እምነቶች

አንድ ሶፍትዌር ሠርታችሁ ሸጣችሁ። ሁለተኛው ደንበኛ መጣና «ያንኑ፣ ግን ትንሽ ለየት አድርጋችሁ» አለ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሳታስቡት የምርት ቤተሰብ መሥርታችኋል። ቤተሰቡን ስለማስተዳደር ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ለአዲሱ ደንበኛ ኮዱን ኮፒ አድርጎ ማስተካከል ይቀላል።»

ለመጀመሪያው ሳምንት ልክ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነበረን፣ ለ7 ደንበኛ 7 ኮፒ። አንድ ቀን ከወር መጨረሻ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ስህተት ተገኘ፤ ለማረም 20 ደቂቃ አልፈጀም። ወደ ቀሩት ስድስቱ ስንሄድ ግን በሁለቱ የፋንክሽኑ ስም ተቀይሯል፣ በአንዱ ሌላ ልጅ ቀደም ብሎ በራሱ መንገድ አርሞታል፣ በሌላው ደግሞ ደንበኛው ስህተቱን ለምዶት ሪፖርቱን በእሱ ልክ አስተካክሎ ስለነበር እኛ ስናርመው የሱ ሥራ ተበላሸ። ሦስት ቀን ሄደ። ሦስተኛ ደንበኛ መምጣቱ ሳይታወቅ ኮፒ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ጣጣው ኮፒዎቹ እዚያው ሲከርሙ ነው።

«በሞጁል ከከፋፈልነው ልዩነቱ ራሱ ይስተካከላል።»

ሞጁል ማለት ራሱን የቻለ የፕሮግራም ክፍል ነው። ግን በምን ከፋፈላችሁት? የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ፕሮግራምን በሥራ ቅደም ተከተል (ማንበብ፣ ማስላት፣ ማተም እያሉ) ከመክፈል ይልቅ ሊቀየር የሚችለውን ውሳኔ ለይቶ አንድ ሞጁል ውስጥ መደበቅ ይሻላል ብሎ ተከራክሯል። ዛሬም የምናየው ግን የመጀመሪያውን ነው። የቅናሽ አሰላሉ ከደንበኛ ደንበኛ የሚለያይ ከሆነና ያ ልዩነት መመዝገቢያው ላይም፣ ስሌቱ ላይም፣ ሪፖርቱ ላይም «ደንበኛው እገሌ ከሆነ» እየተባለ ከተበተነ፣ ሞጁል አላችሁ፣ ግን ምንም አልጠቀማችሁም።

«አንድ ምርጫ ብንጨምር ምን ችግር አለው?»

ምርጫ አይደመርም፣ ይባዛል። እርስ በርስ የማይነካኩ 10 የማብሪያ ማጥፊያ ምርጫዎች 1,024 የተለያዩ ምርቶች ይሰጣሉ። 33 ሲሆኑ ከ8.5 ቢሊዮን ያልፋል፤ በምድር ላይ ካለው ሰው ይበልጣል። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ደግሞ ምርጫዎቹ ከ10,000 በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው መፈተን አይቻልም» ብሎ እጅ መስጠትም ሌላው ስህተት ነው። አንደኛ፣ ምርጫዎች ይነካካሉ፦ ይህ ካለ ያኛው ግድ ነው፣ ይህ ካለ ያኛው ክልክል ነው። ይህ በሰው ጭንቅላት ሳይሆን በጽሑፍ ከተቀመጠ ማሽን ራሱ ያጣራዋል። ሁለተኛ፣ የየትኛውም ሁለት ምርጫ ጥምረት ሁሉ ቢያንስ አንዴ እንዲታይ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ለ10ሩ ምርጫዎች በደንብ የተመረጡ 6 ፈተናዎች ይበቃሉ። ስድስት! ሦስት ሲገጣጠሙ ብቻ የሚመጣው ስህተት ሊያመልጥ ይችላል፣ እሱ እውነት ነው።

«ሌላው ምርት ላይ የሠራ ኮድ እዚህም ይሠራል።»

እ.ኤ.አ. በ1996 አሪያን 5 ሮኬት በተተኮሰ በ40 ሴኮንድ ገደማ ተበታተነ። ስህተቱ የተነሳው ከአሪያን 4 እንዳለ ከተወሰደ ኮድ ነው። አዲሱ ሮኬት የአግድም ፍጥነቱ ስለሚበልጥ ከፍጥነቱ የሚሰላው ቁጥር በተመደበለት ጠባብ ቦታ (16 ቢት) ውስጥ አልገባም። የሚያናድደው፣ ያ የኮዱ ክፍል ለአሪያን 5 ከተነሳ በኋላ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር።

«ሁሉንም ኮንፊግ ውስጥ እናስገባው።»

አይሆንም። ኮንፊግ (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበው የቅንብር ፋይል) ምርጫ ከሚወሰንባቸው ጊዜያት አንዱ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ብዙው ነገር ከርነሉ ውስጥ አብሮ ሊሠራ፣ እንደ ሞጁል ኋላ ሊጫን፣ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። መቼ እንደሚወሰን መምረጥ ራሱ ሥራ ነው።

«ፍላጉ ከጠፋ ኮዱ የለም ማለት ነው።»

ፍላግ አንድን የኮድ ክፍል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አሮጌ ፍላግን ለአዲስ ሥራ አዋለው። ከ8 ሰርቨሮች በአንዱ ላይ አዲሱ ኮድ ሳይጫን ቀረ፤ እዚያ ፍላጉ ሲበራ ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ።

እኛ ጋ አሁን ፍላግ የሚጨምር ሰው የሚሰረዝበትን ቀን አብሮ ይጽፋል። ደንቡን ስናወጣ የነበሩትን ቆጠርናቸው፤ ሦስቱን ማን ለምን እንዳስገባቸው የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።